ባለቤት የሌለው ቀን

ጠጋ በሉ ልጆቼ፣ እግራችሁን ሰብስቡ፤ የዛሬው ወሬ መንገዱ ረጅም ነው። አንድ አገር ነበረ። ስሙን አትጠይቁኝ። ስምማ አለው፣ ግን ብጠራው “እኛን ነው” የሚል ሰው አይጠፋም፤ ስለዚህ ዝም ብሎ አገር ይሁን። ባንድ በኩል ተራራ፣ ባንድ በኩል ትልቅ ወንዝ፣ መሃሉ ላይ እንደኛው የሚዘራ፣ የሚያጭድ፣ የሚጣላ፣ የሚታረቅ ሰው። ገዢያቸውን ጌትዬው ይሉታል። ክፉ ነው አይባልም፣ ደግ ነው ለማለትም ቀርቦ ያየው ሰው ጥቂት ነው። በበቅሎ ያልፋል፣ ሰው ይሰግዳል፣ አቧራው ይቀራል።

በዚያ አገር ሰው ቀን አይቆጥርም ነበር። ሁሉ ነገር በሰሞን ነው። መቼ ወለድሽ ሲሏት “የጉም ሰሞን” ትላለች። መቼ መጣህ ሲሉት “ሰሞኑን” ይላል። ሰሞንን ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ እንደ ቀሚስ ነው፤ ሲፈልጉ ይሰበስቡታል፣ ሲፈልጉ ይለቁታል። ሕግ መጥቶ እስኪይዛቸው ድረስ በዚህ የተጎዳ ሰው አልነበረም።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ባለቤት የሌለው ነገር ሁሉ የጌትዬው ነው። የባዘነች ላም፣ መንገድ ላይ የወደቀ ቆብ፣ ማን እንደሰቀለው ያልታወቀ ቀፎ፣ ሁሉም። ይህን የሚሰበስብ ሹም ነበር፣ የባዘነ ሹም ይባላል። ገመዱን በትከሻው ጥሎ ሲዞር ይውላል። ያገኘውን ነገር ሦስት ጊዜ “ባለቤት አለህ ወይ?” ብሎ ይጠይቃል፤ መልስ ካጣ ገመዱን ያጠልቃል። ላሟን ራሷን ነው እንግዲህ የሚጠይቃት። አንዲትም ላም መልሳለት አታውቅም፣ የጌትዬው በረትም በዚሁ ሞልቶ ነበር። አትሳቂ አንቺ፣ ገና ነው።

የሳቅ ሕግም ነበራቸው። በጌትዬው ላይ ቀልዶ ሰው ያሳቀ፣ አህያ ላይ ፊቱን ወደ ጭራ አዙሮ ይቀመጥና ገበያውን አንድ ዙር ይዞራል። ከዚያ ወርዶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እግሩን ለሚያመው ሰውማ ቅጣት አይባልም። ዳኞቹም ጥንቁቅ ነን ባዮች ስለነበሩ እንዲህ ብለው ደነገጉ፦ ቀልድ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ካልሳቁበት ተራ ወሬ ነው። ጥፋቱ የሚፈጸመው ሳቁ ከሰው አፍ ሲወጣ ነው።

እንግዲህ በዚያ አገር እንግዳሸት የሚባል የሣር ቤት ከዳኝ ነበር። እጁ ፈጣን፣ አፉ ከእጁ የባሰ። ሚስቱ ዘነቡ ትባላለች፣ ያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጇን ይዛ ወሯ ገብቶ ነበር። በሰርግ ሰሞን ዳስ ውስጥ ተቀምጠው ሲበሉ፣ ሽማግሌዎቹ ጌትዬውን ማወደስ ያዙ። አቤት ክብደቱ ይላል አንዱ። እንደሱ ያለ ክብደት በአባቱም አልታየ ይላል ሌላው። እንግዳሸት የጎረሰውን እንኳ ሳይውጥ “ክብደቱንስ በቅሎዋን ጠይቋት” አለ።

ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። ምሰሶ የያዘ፣ ጎረቤቱን የያዘ፣ ሆዱን የያዘ። ኋላ ሹም መጥቶ ሲጠይቅማ የሳቀ ሰው ጠፋ። ጭሱ ነው አሉ። ሚጥሚጣው ነው አሉ። አንዱ ሽማግሌ ጥርሴን አሞኝ ነው አፌን የከፈትኩት ብሎ ማለ። በዚያ ቀን የምር ያልሳቀ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም አያ ጥጋቡ ነው።

አያ ጥጋቡ ደግ ገበሬ ነው፣ ውሸት አያውቅም፣ ብቻ ነገር ቶሎ አይገባውም። ደህና አደርክ ሲሉት ምሳ ሰዓት ላይ እግዜር ይመስገን የሚል ዓይነት። ዳሱ ሁሉ ሲስቅ እሱ ጎረቤቱን ጎንተል አድርጎ፣ በቅሎ እንዴት ትናገራለች ብሎ ጠየቀው። ነገሩን ይዞት ቤቱ ገባ፣ ይዞት ተኛ፣ ይዞት ተነሳ። አንድ ቀን እርፍ ጨብጦ ሲያርስ በድንገት ገባው። ልጆች፣ ሳቀላችሁ። ሸለቆው ተቀበለው። እርፉን ለቆ መሬት ላይ ተንከባለለ። መንገደኛ ሹም ቆሞ ምን ሆንክ ቢለው፣ ውሸት የማያውቅ ሰው ነው አላልኳችሁም፣ ከነቃሉ ነገረው። ሹሙ ፊቱን አኮሳትሮ ኮረብታውን ዞረ። ከኮረብታው ወዲያ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ የሆነ ድምፅ ግን ተሰምቷል ይባላል።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ እንግዳሸት አህያ ላይ ወጥቶ በወረደ ነበር። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ነጋሪት ተመትቶ አዲስ ሕግ ወጣ። በጌትዬው ላይ ሰው ያሳቀ ወንዙን ይሻገር፣ አይመለስ ተባለ። ያ ወንዝ የተሻገረውን አይመልስም። የተሻገሩት መጀመሪያ ሰሞን ከማዶ ሆነው ቤተሰባቸውን ይጣራሉ፤ ቆይቶ ድምፃቸው ይጎረንናል፤ ቆይቶ ደግሞ ዝም ይላሉ። እንግዳሸት ሲያዝ ዘነቡ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። “አህያው ነው ወይስ ወንዙ?” አለች። ነገሩ ሁሉ እሱ ላይ ነው የቆመው። ሌላው ሁሉ አልሳቅኩም ስላለ የተያዘው ሳቅ የአያ ጥጋቡ ብቻ ነው፤ እሱ ከነጋሪቱ በፊት ከወጣ አህያ፣ በኋላ ከወጣ ወንዝ።

የሰፈሩ ጭቃ ሹም አያ ጥጋቡን አስቀርቦ፣ የሳቅከው መቼ ነው አለው። በዚያ ሰሞን ነው አለ አያ ጥጋቡ። ነጋሪቱ የተመታውስ? እሱም በዚያ ሰሞን ነው። ነጋሪቱን ሰምተሃል? አያ ጥጋቡ ረጅም ጊዜ አሰበ። ጭቃ ሹሙ በዚህ መሃል ምሳውን በልቶ ተመለሰ። በመጨረሻ አያ ጥጋቡ እንዲህ አለ፦ “ጉር የሚል ነገር ሰምቻለሁ፣ ያለ ወራቱ ሊዘንብ ነው ብዬ ነበር። ከሳቄ በፊት ይሁን ከሳቄ በኋላ አላውቅም። ምናልባት ራሱ ሳቄ ይሆናል።”

ጭቃ ሹሙ ተጨነቀ። ከዚያ አንድ ነገር መጣለት። የትናንት ወጥና የዛሬ ወጥ ቢቀርብላችሁ የትኛውን ትበላላችሁ ብሎ ሰዉን ጠየቀ። የዛሬውን አሉት። እንግዲያው ሕግም ትኩሱ ይሻላል አለና ወንዝ ፈረደበት።

እንግዳሸት ይግባኝ አለ። በዚያ አገር ታዲያ ይግባኝ ያለ ሰው ነገሩ ያልገባው ሰው ነው ተብሎ ነው የሚታሰበው። ወደ ላይ ዳኛ ይወስዱታል፤ ዳኛው “ምኑ ነው ያልገባህ?” ይለዋል፤ ከዚያ ያንኑ ፍርድ ድምፅ ከፍ አድርጎ ያስረዳዋል። አብዛኛው ሰው ገብቶኛል ብሎ ይመለሳል፣ ጆሮው ስለሚያመው። ሌላ ሥርዓትም አለ፤ ይግባኝ ባይ ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚቆመው፣ ችሎቱ ከፍ ባለ ቁጥር ድንጋዩም ይከብዳል፣ የዳኛውም ወንበር ከመሬት ይርቃል።

የመካከለኛው ዳኛ ረጅም በርጩማ ላይ ሆኖ ጠየቀው። እንግዳሸት ቀኑ ነው ያልገባኝ አለ። ዳኛው አያ ጥጋቡን ደግሞ ጠየቀ፣ ያንኑ ሰማ። ይህ ዳኛ የተማረ ነው ይሉታል፣ ነገር መክፈል ይወዳል። የሚከተለውን አለ፦ ሳቁ ረጅም ነበር፤ ነጋሪቱ በሳቁ መሃል ተመትቶ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ የሳቁ ግማሽ በዱሮው ሕግ፣ ግማሹ በአዲሱ ሕግ ይወድቃል። በመሆኑም ተከሳሹ ወንዙን እስከ ግማሽ ይሻገር። ወንዙ መሃል ላይ አንዲት ድንጋይ አለች፣ እሷ ላይ ተቀምጦ ይኑር።

ዘነቡ ክረምት ሲመጣስ ብላ ጠየቀች። ዳኛው ክረምት በክስ መዝገቡ ላይ አልተጠቀሰም ብሎ መለሰላት።

እንግዳሸት አሁንም አልገባኝም አለና ወደ ላይኛው ችሎት ወጣ። ድንጋዩን ሁለት ሰው አግዞት ነው የተሸከመው። የላይኛው ዳኛ ወንበር ትልቅ ዋርካ ላይ ነው፣ ከቅርንጫፎቹ መሃል ጫማቸው ብቻ ይታያል። ሰው ከታች የሚናገረው ስለማይሰማቸው መሰላሉ አጋማሽ ላይ አንድ አቀባይ ቆሟል። ከታች የሰማውን ወደ ላይ፣ ከላይ የሰማውን ወደ ታች ይላል። ደረቱ ደካማ ስለሆነ ነገር ያሳጥራል።

ምኑ ነው ያልገባህ ይላሉ አለ አቀባዩ።

እንግዳሸት ከድንጋዩ ስር ሆኖ እንዲህ አለ፦ “ጌታዬ፣ እኔ አፌን ስከፍት ሕጉ አህያ ነበር። ሳቁ የወጣበትን ቀን እኔም አላውቅም፣ የሳቀውም አያውቅም፣ የከሰሰኝም አያውቅም። ታዲያ ማንም በማያውቀው ቀን፣ ሌላ ሰው በሳቀው ሳቅ፣ ገና ባልሰማሁት ሕግ፣ ለምን ከሚስቴ እለያለሁ?”

አቀባዩ ሁለት ደረጃ ወጣና “ሕጉ አህያ ነው ይላል” አለ።

ከቅርንጫፎቹ መሃል ጫማዎቹ ተንቀሳቀሱ። ነበር ነው ያልኩት፣ ነበር ብሎ እንግዳሸት ከታች ቢጮህም አቀባዩ ነበርን ለማድረስ ትንፋሽ አጥሮት ነበር። ይህን ለማስተካከል ብቻ ግማሽ ቀን ሄደ።

ከዚያ የሰሞን አዋቂዎች ይቅረቡ ተባለ። ሰሞን ማለት ከየት እስከ የት ነው? አንደኛው አዋቂ ውሻ ከወለደች ቡችሎቿ ዓይናቸውን እስኪገልጡ ነው አለ። ሁለተኛው የለም፣ እንግዳ ከመጣ መቼ ነው የሚሄደው እስኪባል ነው አለ። እንግዳው ማን ነው ተባለ። አማት ከሆነች ሰሞኑ ያጥራል፣ እናት ከሆነች ይረዝማል አለ። ሁለቱ አዋቂዎች ተሰዳድበው ተለያዩ። አያ ጥጋቡም ለሦስተኛ ጊዜ ቀርቦ ተጠየቀ፤ ባለፈው ችሎት ለተጠየቀው ጥያቄ መልስ ይዞ ነበር የመጣው፣ ለዛሬው ገና አላሰበም።

ላይኛው ዳኛም ሰለቻቸው። አቀባዩ ቃላቸውን ወደ ታች አወረደው፦ ያ ቀን ከነጋሪቱ በፊት መሆኑን የሚያውቅ አለ? የለም። በኋላ መሆኑን የሚያውቅ አለ? የለም። የእኔ ነው የሚል አለ? የለም። እንግዲያው ቀኑ የባዘነ ነው፣ የባዘነ ሹም ይጠራ።

የባዘነ ሹም ገመዱን ይዞ መጣ። ወደ ባዶው አየር ዞሮ ሦስት ጊዜ “ባለቤት አለህ ወይ?” አለ። አየሩ ዝም አለ። ሹሙ ገመዱን ወረወረ፣ አንድ ነገር እንደያዘ ሰው ሳብ አድርጎ ቋጠረ። ይህ ቀን ከዛሬ ጀምሮ የጌትዬው ነው አለ። የጌትዬው ቀን ደግሞ ከጌትዬው ነጋሪት በኋላ ነው እንጂ በፊት ሊሆን አይችልም፣ ከጌታው ቀድሞ የሚሄድ ንብረት የለም። አቀባዩም ከላይ ሰምቶ፣ ሰውየው ወንዙን ሙሉውን ይሻገር ይላሉ አለ።

እንግዲህ አያችሁ፣ ይግባኝ ብሎ ብሎ ከግማሽ ወንዝ ወደ ሙሉ ወንዝ። ዘነቡ ሆዷን ደግፋ መሬት ላይ ተቀመጠች። እንግዳሸትም ድንጋዩን አወረደ፣ ካሁን በኋላ ለምን ይሸከመዋል።

ጠባቂዎቹ ሊይዙት ሲሉ ነው ወይዘሮ አትጠገብ የተነሱት። እኚህ ሴትዮ የአያ ጥጋቡ የእርሻ ጎረቤት ናቸው። ከመጀመሪያው ችሎት ጀምሮ አንድም ቀን አልቀሩም፣ ግን ለእንግዳሸት ብለው አይደለም፤ ስሙንም በወጉ አያውቁትም። ጉዳያቸው ሌላ ነው። አያ ጥጋቡ እርፉን ለቆ ሲስቅ፣ በሬዎቹ ደንግጠው ከነቀንበራቸው የእሳቸውን የሽምብራ ማሳ ከዳር እስከ ዳር አርሰውት ሄደዋል። ሽምብራዬ ባሉ ቁጥር፣ ቀኑ ክርክር ላይ ነው፣ ይጠብቁ እየተባሉ ነው እዚህ የደረሱት።

ሴትዮዋ ወደ ባዘነ ሹም ተጠግተው ገመዱን አዩት። “ጌታው፣ የባዘነች ላም ማሳ በልታ ብትገኝ፣ ለማሳው ማን ይጠየቃል?” አሉ።

ላሟን የወሰደው ነው አለ ሹሙ፣ ልማዱ ያው ስለሆነ።

“እንግዲያው ቀኑን ወስደዋል። ያ ቀን ሽምብራዬን ጨርሶታል። አምጡ።”

ሹሙ ፈገግ አለ። የጌትዬው ጎተራ ለሽምብራ አይጠብም፣ ይሰጥዎታል አለ። እዚህ ላይ ነው የተሳሳተው። እንዲህ ሲል ከኋላ የነበረ አንድ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። በዚያ ሰሞን የቤቴን ክዳን ንፋስ ወስዶታል አለ። በየትኛው ቀን ነው ሲባል፣ ቀኑን አላውቀውም፣ እሱ ራሱ ሳይሆን አይቀርም አለ። ቀጥሎ አንዷ የጠላ ጋኔ የተሰነጠቀው በዚያ ሰሞን ነው አለች። ሌላው በቅሎዬ ገደል የገባችው በዚያ ሰሞን ነው አለ። አንዲት ሴት ደግሞ ተነስታ ባሌ ጥሎኝ የሄደው በዚያ ሰሞን ነው አለች፤ እሱ ይመለስ አላለችም፣ ብቻ ይታወቅልኝ አለች። ሰሞን መቼም ሰፊ ነው። ከዋርካው ስር የነበረ ሰው ሁሉ በዚያ ሰሞን አንድ ነገር ያልሆነበት አልነበረም፣ ሁሉም በዚያው በአንዱ ቀን ሆነ። ሰልፉ ዋርካውን ዞሮ ወደ ገበያው መንገድ ወረደ።

የባዘነ ሹም ሰልፉን አየ። ገመዱን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ቋጠሮውን ፈታ። “ይህ ቀን የእኛ አይመስልም” አለ፣ “ሽታው ሌላ ነው።” ገመዱን ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ሊሄድ ሲል አቀባዩ ከላይ የመጣውን ቃል አወረደ። ባለቤት የሌለው ነገር ችሎት ፊት እያለ ዳኛ ከዛፍ አይወርድም፣ ሥርዓቱ ነው። ላይኛው ዳኛም ርቧቸዋል። ቀኑ የማን ነው ይላሉ አለ። ማን ይወስደዋል ይላሉ። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ አፈገፈገ፣ ቀኑ እግሩ ስር የወደቀ ይመስል።

ዘነቡ ካለችበት ሆና ባሏን አየችው። “ውሰደው” አለችው።

“የዚህን ሁሉ ሰው መዓት?” አለ እንግዳሸት። “ክዳኑን እሺ፣ ሥራዬ ነው። ሽምብራውንም እዘራለሁ። ጋኑንና በቅሎውን ምን ላድርገው?”

“ወንዝ ማዶ እጅህን አጣጥፈህ ከምትቀመጥ፣ እዚህ ሥራ በዝቶብህ ኑርልኝ።”

እንግዳሸት ወደ ዋርካው ቀና ብሎ፣ ጌታዬ፣ ቀኑ የእኔ ነው አለ። አቀባዩ ይህን ሳያሳጥር አደረሰው፣ ድሮም አጭር ነው። ከላይም መልሱ መጣ፦ የከብትን መልክ የሚናገር ባለቤቱ ነው፤ ቀንህ ከነጋሪቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

“በፊት ነው ጌታዬ። ገና ጥጃ ሳለ ጀምሮ አውቀዋለሁ።”

ተፈጸመ። አህያ ተፈረደ። ላይኛው ዳኛ ከመሰላሉ ሲወርዱ ሰው ፊታቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ አየ፤ ትንሽ ሰውዬ ናቸው አሉ።

የገበያ ቀን እንግዳሸትን አህያ ላይ አወጡት፣ ፊቱን ወደ ጭራ አድርጎ። ዘነቡ አህያውን የምስበው እኔ ነኝ አለች፣ ቀስ እያለች፣ እያረፈች። ገበያው በዱሮው ልማድ ሊስቅበት ይገባ ነበር፤ ግን ማሳቅ ወንዝ በሚያሻግርበት አገር መሳቅ ምን እንደሚያደርግ የነገረው ስለሌለ፣ ሁሉም ከንፈሩን ነክሶ የሚሸጠውን ነገር ያያል። ወይዘሮ አትጠገብ ብቻ መንገድ አቋርጠው፣ ማክሰኞ ማሳው ላይ እጠብቅሃለሁ አሉት።

ገበያው መሃል ሲደርሱ አህያው ቆመ። እንግዳሸት የሚያየው ያለፈበትን ብቻ ነውና ከፊት ምን አለ ብሎ ጠየቃት።

“ነጋሪት ጭነው እየመጡ ነው” አለችው።

“ምን ሊያውጁ ይሆን?”

“እኔ ምን አውቄ። ብቻ ሲመታ ምን ላይ እንደነበርክ ሰው ይወቅልህ።”

እንግዳሸት ይህ ገባው። እሱ እንደ አያ ጥጋቡ አይደለም። ድምፁን ከፍ አድርጎ “ጎበዝ፣ እኔ አህያ ላይ ነኝ፣ እወቁልኝ” አለ። አጠገቡ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት እጇን አነሳች፤ እኔ ሽንኩርት እየመረጥኩ ነው፣ እወቁልኝ አለች። ጨው የሚሰፍረው፣ እኔ እየሰፈርኩ ነው አለ። አንዱ ተቀምጫለሁ፣ አንዷ ልጄን እያጠባሁ ነው፣ አንዱ ምንም እያደረግኩ አይደለም፣ እወቁልኝ፣ እወቁልኝ። ሹሞቹም፣ እኛ ነጋሪት እየመታን ነው፣ እወቁልን አሉ። ገበያው በዚህ ቃል ደነቆረ፣ ነጋሪቱ ተመታ፣ አዋጁ ተነገረ፣ ምን እንደተባለ አንድም ሰው አልሰማም። እስከ ዛሬም የሚያውቀው የለም። ሰዉ ግን ለማንኛውም ብሎ ይጠነቀቅለታል።

ዘነቡ በዚያው ሰሞን ወንድ ልጅ ወለደች። አባቱ የሰው ክዳን ላይ ነበር፣ ጠርተውት ወረደ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ሰው ሲገናኝ መጀመሪያ ጤና አይጠያየቅም። ምን ላይ ነህ ይባባላል፣ ከዚያ ነው ደህና ነህ የሚለው። እኔም እንግዲህ ከናንተ ጋር ተቀምጬ ስለ ሰው አገር እያወራሁ ነው፤ ነጋሪትም ገና አልሰማሁም። እወቁልኝ።